የቁጥርና የማሳ ታሪክ፤ የጥናት መረጃ በአፈር ጥበቃ ሥራችን ውስጥ

በሀገራችን ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ቁጥር ሳይሰማ የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 40 ከመቶው በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው ነው። ከዚያ በመቀጠል ደኑ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ 16 ከመቶ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ወደ 3 ከመቶ ገደማ እንደ ወረደ ይነገራል። ይህ አኀዝ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት፣ በችግኝ ተከላ ዕለት በሚደረገው ንግግርና በለጋሽ ድርጅቶች ሰነድ ውስጥ ሲደጋገም ኖሯል። ባሕር ተሻግሮም አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ጎር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ሲደርስ ግን መቶው ዓመት አርባ ዓመት፣ ሦስቱም ከመቶ አንድ ከመቶ ሆኖ ነው። ወሬ በመንገድ ላይ እንደሚለዋወጥ ሁሉ ቁጥርም በመንገድ ላይ ይለዋወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የደን ታሪክ ብቻ አይደለም። መሬቱንና ደኑን እንዲጠብቁ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች፣ ማለትም የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የፕሮጀክት ሥራ መሪዎች፣ የአውራጃና የወረዳ የግብርና ባለሙያዎች፣ ውሳኔያቸውን በምን ዓይነት መረጃ ላይ ሲመሠርቱ እንደ ቆዩ ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ተሞክሮ ለመመልከት ነው። በእጃቸው የነበረው መረጃ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንደኛው ሰፊ፣ ለመናገር ቀላልና አስደንጋጭ ሲሆን፣ ሌላው ጠባብ፣ አዝጋሚና ከተለካበት ማሳ ጋራ የተቆራኘ ነበር። የዘመቻውን ከበሮ የመታው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የደረሰው ብዙው ድንጋይ ከተደረደረ በኋላ ነው።

በመሠረቱ 40 ከመቶ የሚለው አኀዝ ከየት መጣ? የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። ምንጩን ወደ ኋላ ሲከታተል ያገኘው አንዱ ሪፖርት ሌላውን፣ ያም ሌላውን ሲጠቅስ ነው። ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ግን ደኑን የለካ ሰው አልተገኘም። ዝናቡና ከፍታው ደን ሊያበቅል ይችላል የተባለውን ቦታ ሁሉ በእርግጥም ደን ነበረበት ብሎ የመቁጠር ዝንባሌ ለአኀዙ መነሻ የሆነ ይመስላል።

የሰነዱ ነገር እንዲህ ከሆነ መሬቱ ራሱ ምን ይመሰክራል? በወሎ የሐይቅንና የአርዲቦን ሐይቆች ለአብነት እንውሰድ። በየዓመቱ ከዛፍና ከሣር የሚበነው የአበባ ብናኝ በሐይቅ ላይ እየወደቀ ከጭቃው ጋራ ድርብርብ ሆኖ ይቀመጣል። ጭቃውን ሰርስሮ በማውጣት ብናኙን በአጉሊ መነጽር የቆጠረ ሰው በየዘመኑ ምን ይበቅል እንደ ነበር ሊያነብ ይችላል። ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት መሠረት በዚያ አካባቢ የዝግባውና የጥዱ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። ክትክታና ሣር ቦታውን ወርሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ቆዩ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱና ወይራው ተመልሶ በቀለ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ገና ተቆረጠ። እንግዲህ የወሎ ተራሮች ታሪክ ከአንድ ሙሉ ደን ወደ አንድ ባዶ ገደል የወረደ ቀጥተኛ መንገድ አይደለም። ደኑ ሄዷል፤ ተመልሷል፤ እንደ ገናም ሄዷል።

ሁለተኛው ምስክር የፎቶግራፍ ጥበብ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲጓዙ ያነሧቸው የሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮችና ሸለቆዎች ሥዕሎች በአካባቢው ከተነሡት የመልክዐ ምድር ፎቶግራፎች ሁሉ ቀደምቶቹ ናቸው። የቤልጂጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከእነዚህ 13ቱን ይዘው፣ ፎቶግራፍ አንሺው የቆመበትን ሥፍራ እየፈለጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በበጋ ወራት ያንኑ መልክዐ ምድር እንደ ገና አነሡት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የድሮው ፎቶግራፍ የሚያሳየው ጥቅጥቅ ያለ ደን አይደለም። የተራቆተ ኮረብታ ነው። በአዲሱ ላይ ግን ከ1868 እ.ኤ.አ. ይልቅ የሚበዛ ዛፍና ቁጥቋጦ፣ በየማሳውም ላይ የአፈር መከላከያ ሥራ ይታያል። ይህም የሕዝቡ ቁጥር በብዙ እጥፍ ከጨመረ በኋላ ነው።

ይህን ስል ደን አልተጨፈጨፈም ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። በደቡብ ምዕራብ፣ በከፋና በኢሉባቦር፣ በሃያኛው መቶ ዓመት ሰፊ ደን መመንጠሩ የማይካድ ነው። ነገር ግን የከፋ ታሪክና የወሎ ታሪክ በአንድ የመቶኛ ስሌት ሲታጠፉ ለወሎ የሚያስፈልገውም ለከፋ የሚያስፈልገውም ሳይታወቅ ይቀራል። የሥራ መሪው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሀብ የመሬቱን መራቆት ጉዳይ ከባለሙያዎች ጠረጴዛ አንሥቶ ወደ መንግሥት አደባባይ አወጣው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የገበሬ ማኅበራትን በማቋቋሙ፣ ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ ሊያሰልፍ የሚችል መዋቅር ተገኘ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና ቁጥር 2488 በመባል የሚታወቀው ፕሮጀክት በአፍሪካ ውስጥ ከተካሄዱት የምግብ ለሥራ መርሐ ግብሮች ትልቁ ለመሆን በቅቷል። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ሥራው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ያገኝ ነበር። ለተራበ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም።

ይሁን እንጂ ክፍያው በሥራ ቀን ስለሆነ፣ የሥራ ቀኑም ወደ እርከን ርዝመት ስለሚመነዘር፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ሚኒስቴሩ ይሄድ የነበረው መረጃ የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተተከለው ችግኝ በቁጥር፣ ከከብት የተከለለው ተራራ በሄክታር ነበር። እርከኑ ከተሠራ በኋላ ምን ያህል አፈር እንዳስቀረ፣ ማሳው ከፊተኛው ዓመት ይልቅ ስንት ኩንታል እንደሰጠ የሚጠይቅ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ቦታ አላገኘም። ቀድሞ በጎጃም ደጋ ዳሞት ስለ ርስት ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ዘመን ሲተች፣ ሥራው የተመራው ደረጃ በደረጃ በተፈተነ እውቀት ሳይሆን፣ መንግሥትም ለጋሾችም አስቀድመው ባመኑበት አንድ ትረካ ነው ይላል። ትረካውም ድሮ ደን ነበረ፣ ገበሬው ቆረጠው፣ አፈሩ ሄደ፣ ረሀብ መጣ የሚል ነው። በዚህ ትረካ ውስጥ ገበሬው ጥፋተኛ ሆኖ ስለሚታይ እሱን መጠየቅ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

በበኩሌ የዚያን ጊዜ ሥራ መሪዎች በጅምላ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ጎርፉ የቦረቦረው መሬትም በዓይን ይታያል። መርከብ ስንዴ ጭኖ አሰብ ሲደርስ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ቆዩ የሚል ኃላፊ አይኖርም። ለጋሹን ለማሳመን ደግሞ ትልቅና ክብ ቁጥር ከብዙ ትንንሽ ቁጥሮች ይልቅ ይጠቅማል።

የዚህ ዓይነት ትልቅ ቁጥር ቁንጮው እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው የኢትዮጵያ ደጋማ መሬት መልሶ ማልማት ጥናት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የተካሄደው ይህ ጥናት ከደጋው በየዓመቱ 1,900 ሚሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል አለ። ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በአማካይ 130 ቶን፣ በኛ አነጋገር 1,300 ኩንታል ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ እ.ኤ.አ. በ2010 የደጋው መሬት 18 ከመቶው ባዶ ዐለት ይሆናል ብሎም አስጠነቀቀ። የተባለው ዓመት መጥቶ አለፈ፤ ትንቢቱ በተነገረው መጠን አልደረሰም።

ስሌቱ የት ላይ እንደሳተ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ክለሳዎች አሳይተዋል። ከላይኛው ማሳ የታጠበ አፈር ሁሉ ሱዳን አይደርስም። ብዙው ከተዳፋቱ ግርጌ፣ በታችኛው ባለማሳ ዳር፣ ከቁጥቋጦና ከድንበር ሥር ይቀመጣል። የላዩ ያጣውን የታቹ ያገኛል፤ ደጋው በጥቅሉ ግን ያን ያህል አላጣም። ከዚህም በላይ በምድጃ ውስጥ የሚነደው ኩበትና ከማሳ የሚወሰደው ገለባ ለምርት መቀነስ ከጎርፉ የበለጠ ምክንያት መሆኑ በእነዚሁ ክለሳዎች ተመለከተ። ይህ ለሥራ መሪው ትልቅ ትርጉም ያለው መረጃ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በምድጃ በኩል ከሆነ መድኃኒቱ የማገዶ ዛፍ እንጂ የእርከን ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ነገር ግን ማገዶ የተረፈበት ኩበት በኪሎ ሜትር አይቆጠርም።

አሁን ወደ ሌላው መረጃ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን አቋቋሙ። መሪው ቀደም ሲል በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠራ የነበረው የመልክዐ ምድር ምሁር ሐንስ ሁርኒ ነው። በወሎ ከደሴ በስተ ደቡብ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በኋላም በኢሉባቦር ዲዚ፣ በኤርትራ አፍደዩ የምርምር ጣቢያ ተተከለ። አንጀኒና ማይባር እያንዳንዳቸው 113 ሄክታር ገደማ የሚሆን አንድ ተፋሰስ ብቻ ናቸው፤ ማለዳ የተነሣ ሰው ከምሳ በፊት ዙሪያውን ሊጨርሰው ይችላል።

ሥራው ትዕግሥት አስጨራሽ ነበር። ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቁራሽ ማሳ ዙሪያው ይታጠርና የሚወርደው ጎርፍ ከታች በተቀበረ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ዝናብ ባባራ ቁጥር የጣቢያው ሠራተኛ ውሃውን ይለካል፤ አማስሎ ናሙና ይቀዳል፤ አጣርቶና አድርቆ አፈሩን ይመዝናል። ከወንዙ ዳር ደግሞ ውሃው ደፍርሶ እስካለ ድረስ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በየ10 ደቂቃው መቅዳት ነበረበት። እነዚህ በጣቢያው የሚኖሩ ልጆች የሞሉት መዝገብ በሀገራችን ስለ አፈር ከተጻፈው ሁሉ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከፍተኛውን ክብር ሊያገኝ የሚገባው ነው።

መዝገቡ ምን አሳየ? አንደኛ ነገር፣ የዓመቱን አፈር አብዛኛውን የሚወስዱት በጣት የሚቆጠሩ ኃይለኛ ዝናቦች መሆናቸውን። እነሱም ብዙ ጊዜ የሚወርዱት ማሳው ተደጋግሞ ታርሶና ለስልሶ ራቁቱን በቆመበት በክረምቱ መጀመሪያ ነው። ስለሆነም ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ከሁሉ የባሰ ተጎጂ ሆኖ ተገኘ። በአንጀኒ ያልታከመ የእርሻ ማሳ ከሄክታር በዓመት ከ100 ቶን በላይ ያጣበት ጊዜ ነበር፤ ሣር የበቀለበት ቦታ ግን የሚያጣው እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ግኝት የሥራ መሪዎችን የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ነበር። ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ የየጣቢያዎቹን ውጤት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳቀረቡት፣ እርከንና ካብ የአፈሩን መታጠብ በእጅጉ ቢቀንሱም ምርት ግን ወዲያው አላሳደጉም።

ለምን ቢባል ማንኛውም የአንጀኒ ወይም የአንዲት ጥድ ገበሬ ከተጠየቀ ሊመልሰው የሚችለው ነገር ነው። እርከኑ ራሱ ከማሳው ከ10 እስከ 20 ከመቶ የሚሆነውን መሬት ይወስዳል። በእርከኖች መካከል ያለው ጠባብ ስለሆነ ጥማድ በሬ ለማዞር አይመችም። በካቡ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል። ከሁሉም በላይ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃ እንዲያቁር ሆኖ የተሠራው ደልዳላ እርከን ማሳውን ረግረግ ያደርገዋል። ገበሬው ለዚህ የራሱ መድኃኒት ነበረው፤ ፈሰስ ይባላል። ትርፉን ውሃ አግድሞ ከማሳ የሚያስወጣ፣ በየዓመቱ በማረሻ የሚቀደድ ቦይ ነው። ባለሙያው ፈሰሱን ሲያይ የጎርፍ መንገድ ነው ይላል፤ አልተሳሳተም። ገበሬው እርከኑን ሲያይ ዘሬን የሚያበሰብስ ኩሬ ነው ይላል፤ እሱም አልተሳሳተም። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኘው አንጀኒ ላይ ሁለቱን ማስታረቅ ግድ ነበር፤ ለዝናብ አጠር አካባቢ የተነደፈ አንድ መመሪያ ግን ሊያስታርቃቸው አይችልም።

ከምርምሩ ወደ ሥራ መሪው እጅ የገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1986 በሁርኒ ተዘጋጅቶ ለልማት ሠራተኞች የቀረበው የአፈር ጥበቃ መመሪያ ነው። የመመሪያው ብልህነት፣ በእኔ ግምት፣ ከስዊስ ሳይሆን ከኛው ቋንቋ የተወሰደ መሆኑ ነው። ሀገሪቱን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ገበሬው ራሱ በሚከፍላት አከፋፈል ይከፍልና፣ እያንዳንዱን እንደ ዝናቡ መጠን ለይቶ፣ እዚህ ውሃውን አቁር፣ እዚያ ግን ቀስ አድርገህ አስወጣ ይላል። የልማት ሠራተኛው መሣሪያ ሳይኖረው፣ የቆመበትን አገር ስምና የሚበቅለውን አዝመራ አይቶ ብቻ፣ የሚስማማውን ሥራ ሊመርጥ ይችላል። ፋንያ ጁ የተባለው እርከንም በዚሁ ዘመን ገባ። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን አፈሩን ወደ ላይ መጣልን ያመለክታል፤ ከኬንያ የመጣ ነው። ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ በላይኛው በኩል ይከመራል፤ ማሳው በየዓመቱ ሲታረስ አፈሩ ከክምሩ ጋራ እየተጠራቀመ መሬቱ ቀስ በቀስ እንደ ደረጃ ይደለድላል። በአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1986 ተሠርቶ ለዓመታት ተለክቷል።

መመሪያው ሲወጣ ግን ዘመቻው ዓመታት አስቆጥሮ ነበር። በጠረጴዛ ላይ ያለው መጽሐፍ ምረጥ ይላል፤ ከላይ የሚወርደው ዕቅድ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይላል። የልማት ሠራተኛው የሚገመገመው በመጽሐፉ አልነበረም። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና በዓመቱም መንግሥት ሲለወጥ፣ በብዙ ሥፍራ ገበሬው እርከኑን አርሶ አፈረሰው፤ የማኅበሩን ደን ቆረጠው፤ የተከለለውን ተራራ ለከብቱ ከፈተው። ይህ ሁሉ ጥፋት ተብሎ ተመዝግቧል። ይሁንና ገበሬው ሁሉንም አላፈረሰም፤ የቱን አፍርሶ የቱን እንዳቆየ ቦታ በቦታ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ ከዐሥር ዓመቱ ዘመቻ ከተገኘው መረጃ ሁሉ የሚልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ የተሻለ ነገር አልታየም ማለት አይቻልም። የፕሮጀክት 2488 ተከታይ፣ መሬት የተባለው መርሐ ግብር፣ ከትንሽ ተፋሰስና ከነዋሪው ምክክር ለመነሣት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያም ዕቅዱ ከማኅበረሰቡ ጋራ እንዲወጣ ይጠይቃል። ደን ምን እንደሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ ትርጉም ተደነገገ፤ ቁመቱ 2 ሜትር፣ የቅርንጫፉ ጥላ 20 ከመቶ፣ ስፋቱ ግማሽ ሄክታር የሆነ ሁሉ ደን ተባለ። ቀርከሃውና ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ዛፍ ስለ ተቆጠሩ የሀገሪቱ የደን ሽፋን ከ15 ከመቶ በላይ ሆነ። ትርጉሙ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን 3 ከመቶ የሚለውን የተማረ የወረዳ ኃላፊ 15 የሚለውን ሲሰማ በመካከሉ ስንት ደን በቀለ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የጣቢያዎቹ መዝገብም የራሱ ጉዞ አለው። በአንጀኒ የተለካው ጎርፍና ደለል ዛሬ የመላውን የአባይ ተፋሰስ የአፈር መታጠብ በኮምፒዩተር ለማስላት ለሚሠሩ ጥናቶች መፈተሻ ሆኖ ያገለግላል፤ 113 ሄክታር ለአንድ ታላቅ ወንዝ ሀገር ሁሉ ዋስ ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። ሁርኒ የየጣቢያዎቹን ውጤት ወደ ሀገር አቀፍ ሲያሰፋ፣ ከእርሻ መሬት በየሄክታሩ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አፈር ማለት ነው፤ ከ130 ቶኑ ጋራ ሲነጻጸር ሲሶው። በዚያ ዘመን ከአንድ ሄክታር የሚገኘው እህል በአማካይ ከ10 እስከ 12 ኩንታል ገደማ ስለ ነበር፣ 420 ኩንታሉም ቢሆን ቀላል አይደለም። አሁን 42ቱ ቶን በተራው በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ይገኛል። የእርሻ መሬት ብቻ መሆኑ፣ ግምት መሆኑ፣ በጥቂት ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተ መሆኑ ከቁጥሩ ጋራ አብሮ የሚጻፍበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።